መዝገብ ላይ የሌሉት ሳጥኖች

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በኦዲተርነት ስሠራ የጦሩን ንብረት እንደመቁጠር ያስቸገረኝ ሥራ የለም። የመከላከያ ሚኒስቴሩ አጠቃላይ ኦዲት የተደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 1,200 ያህል ኦዲተር ተሰማራ። ሚኒስቴሩ ኦዲቱን ማለፍ አቅቶት ወደቀ። ከዚያ ወዲህም ሲወድቅ ነው የኖረው።

በዚያ ሰሞን አንድ የሄሊኮፕተር መለዋወጫ መጋዘን ለቆጠራ ተላክን። መዝገቡን ይዘን ዕቃውን ስንፈልግ ሁሉም ልክ መጣ። ጉዱ የወጣው ዕቃውን ይዘን መዝገቡን ስንፈልግ ነው። ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ በሸራ የተሸፈኑ ሳጥኖች አገኘን። አንዳቸውም ሲስተም ላይ የሉም።

የንብረት ኃላፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። አልደነገጡም። ከመሳቢያቸው ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። የዕቃው ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ማን እንደተዋሰው፣ መቼ እንደመለሰው፣ ሁሉም በእርሳስ ሰፍሯል። ከሳጥኖቹ ጋር አመሳከርነው። አንዲት ብሎን አልጎደለችም።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «ዕቃ አዝዤ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። አብራሪው ግን ነገ መብረር አለበት። ሲስተም ላይ ካስገባሁት ደግሞ ትርፍ ነው ብለው ይወስዱብኛል።»

ስለ መከላከያ ሪፎርም ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ወደ ላይ ነው። ሐሰት አይደለም። አየር ኃይሉ ኤ-10 የተባለውን የጦር አውሮፕላን ጡረታ ላውጣ ሲል ኮንግረሱ ለዓመታት ሲከለክለው ነበር። ግን ለውጡ ታችም ይታነቃል፤ ያውም በሌባ ሳይሆን ሥራውን በሚወድ ሰው። ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ በሚገኝ የባህር ኃይል መጋዘን 126 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ያልተመዘገበ መለዋወጫ ተገኝቷል። ከፊሉ በ2006 ከአገልግሎት የወጣው የኤፍ-14 ተዋጊ ጄት ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የእኚያ ሰው ደብተር ነው።

አለቃዬ «ቆጠራውና መዝገቡ አይመሳከርም» ብለን እንድናልፈው ፈለገ። አልተዋጠልኝም። ምክንያቱ ካልተጻፈ ዋሽንግተን ሌላ መመሪያ ያወጣል፣ ሌላ ቅጽ ይጨምራል፣ መለዋወጫው ግን አሁንም አይደርስም። ተከራክሬ የአቅርቦቱ መዘግየት በሪፖርቱ እንዲገባ አደረግሁ።

በ2024 ማሪን ኮር የተባለው የአሜሪካ ጦር ክፍል ነቀፌታ የሌለበት የኦዲት አስተያየት አገኘ፤ ከጦር ክፍሎቹ የመጀመሪያው ነው። ይቻላል ማለት ነው! እኔም ዛሬ መጋዘን ስገባ፣ ገና መዝገቡን ሳልከፍት፣ የንብረት ኃላፊውን የምጠይቀው ያዘዘው ዕቃ በስንት ጊዜ እንደሚደርስለት ነው። መልሱ «ወራት» ከሆነ፣ ቆጠራውን ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ እጀምራለሁ።