የድሮ የቤዝቦል ፎቶግራፍ ጀርባ

የድሮ የቤዝቦል ፎቶግራፍ የሚሰበስብ ሰው ፎቶው እጁ እንደገባ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተረፉልን የታላላቅ ተጫዋቾች ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ለጋዜጣ ሥራ የታተሙ ስለነበሩ፣ የፎቶ አንሺው ማኅተም፣ የዜና ወኪሉ ስም፣ ፎቶው በጋዜጣ የወጣበት ቀንና በታይፕ ተጽፎ የተለጠፈው መግለጫ የሚገኙት ከኋላ ነው። እኔም ጥርት ካለና ጀርባው ባዶ ከሆነ ፎቶ ይልቅ፣ ጠርዙ ተጣጥፎም ቢሆን የዝግጅት ክፍሉን የሥራ ምልክቶች የያዘውን እመርጣለሁ።

ይህ ምርጫ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፎቶ አንሺው ናት ፌይን እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1948 በያንኪ ስታዲየም ያነሣውን ፎቶ እንውሰድ። ታላቁ ተጫዋች ቤብ ሩት፣ 3 ቁጥር ማሊያው ለክብሩ ከጨዋታ በወጣበት በዚያ ቀን፣ በሕመም ተዳክሞ የቤዝቦል ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፌይን ያነሣው ከኋላው ሆኖ ስለነበር የሚታየን ፊቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ሩት ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነሐሴ 16 ቀን ዐረፈ፤ ፎቶው ደግሞ በ1949 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ይህ ምስል ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ ሰብሳቢዎች «አንደኛ ዓይነት» የሚሉት ግን ከዋናው ኔጋቲቭ (ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም ወይም መስታወት)፣ ፎቶው በተነሣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የታተመውን ብቻ ነው። ይህን በኋላ ከታተሙት ለመለየት የሚረዱት ማኅተሙና ወረቀቱ ናቸው። በ1950ዎቹ የፎቶ ወረቀት ላይ ማንጫ ኬሚካል መጨመር ስለተጀመረ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደምቆ የሚያበራ ወረቀት በ1920ዎቹ የታተመ ሊሆን አይችልም።

ከፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ ቻርልስ ኮንሎንን አስበልጣለሁ። በኒው ዮርክ ጋዜጣ አራሚ ሆኖ እየሠራ፣ ከ1904 ጀምሮ በትርፍ ጊዜው ከባድ ካሜራና የመስታወት ኔጋቲቮች ይዞ ወደ ሜዳ ይወርድ ነበር። ታላቁ ተጫዋች ታይ ኮብ አቧራ እያስነሣ ወደ ሦስተኛው ቤዝ (ሯጩ ሊደርስበት ወደሚገባው የሜዳ ማዕዘን) ሲንሸራተት የሚያሳየው ታዋቂ ፎቶ የእርሱ ነው። በአንድ መስታወት ላይ አንድ ምስል ብቻ በሚነሣበት ዘመን እንዲህ ያለ ቅጽበት መያዝ የነበረበትን ችግር የተረዳ ሰው፣ የኮንሎን ማኅተም ያለበትን ፎቶ በቀላሉ አይለቅም።

ስላይድ (በፕሮጀክተር የሚታይ ብርሃን አሳላፊ ፊልም) ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ዋናው ስላይድ በካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ነውና። ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ የቀለም ፊልም በ1936 በ35 ሚሊሜትር ከወጣ በኋላ፣ ተራ ተመልካቾች ጋዜጦች በጥቁርና ነጭ ብቻ ያሳዩትን ጨዋታ በቀለም ማስቀረት ቻሉ። ኮዳክሮም በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ለአሥርት ዓመታት ይጠብቃል፤ ሌላው የኮዳክ የቀለም ፊልም፣ የጥንቱ ኤክታክሮም ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ቀይነት ያደላል። ሆኖም ኮዳክሮምም የፕሮጀክተር ብርሃን ቶሎ ስለሚያደበዝዘው፣ ስላይዶቼን የማያቸው በብርሃን ጠረጴዛ ላይ በአጉሊ መነጽር ብቻ ነው።

በዋሽንግተን ለምንኖር አበሾች ይህ ታሪክ የሰፈራችን ታሪክ ነው። ከናይንዝ ስትሪት የአበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሠራው፣ በ1965 በፈረሰው የግሪፊዝ ስታዲየም ቦታ ላይ ነው። ታላቁ ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን የተጫወተው በዚያ ሜዳ ነበር፤ ጥቁሮች ከዋናው ሊግ በተገለሉበት ዘመን ደግሞ የሆምስቴድ ግሬይስ ቡድንና ኃይለኛው መቺ ጆሽ ጊብሰን ተጫውተውበታል። ጊብሰን፣ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ዋናው ሊግ ገብቶ የቀለም አጥሩን ከመስበሩ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሞተ። የኔግሮ ሊጎች (የጥቁሮቹ ሊጎች) ውጤት በ2024 በዋናው ሊግ መዝገብ ሲካተት፣ የጊብሰን የመምታት አማካይ (ኳስ ለመምታት ከሞከረባቸው ጊዜያት የተሳካለት ድርሻ) 0.372 ሆኖ ከኮብ 0.367 በላይ ተቀመጠ።

ይሁን እንጂ የጊብሰን ፎቶዎች ከኮብ ፎቶዎች ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ትልልቆቹ የነጮች ጋዜጦች ፎቶ አንሺ ወደ ጥቁሮች ጨዋታ የሚልኩት ከስንት አንዴ ነበር። ብዙውን ያቆዩልን እንደ ፒትስበርግ ኩሪየር ያሉ የጥቁሮች ጋዜጦችና ለዚሁ ጋዜጣ ይሠራ የነበረው ቲኒ ሃሪስን የመሰሉ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። እኔም ገንዘቤንና ጊዜዬን በይበልጥ የማውለው በእነዚህ ላይ ነው፤ በአሮጌ ቤቶች የዕቃ ሽያጭ ላይ የምፈልገውም የግሪፊዝ ስታዲየምን ፎቶና ስላይድ ነው። በዚህ አካባቢ ቤት ገዝታችሁ በምድር ቤቱ የስላይድ ወይም የፎቶ ሣጥን ብታገኙ፣ እባካችሁ ሳትጥሉ በደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ ከጀርባው የተለጠፈውንም ወረቀት አትላጡት።