ጸሎት ያልተጠቀሰበት ምኩራብ

እስራኤል ሙዚየም የገባ ጎብኚ ሁሉ ወደ ሙት ባሕር ጥቅሎች ይጎርፋል። እኔ የፈለግሁት ግን ወርዱ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ አሥር መስመር የግሪክ ጽሑፍ ያለበት የኖራ ድንጋይ ነበር። ፈረንሳዊው ሬይሞን ቬይል በ1913 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ካለው ከዳዊት ከተማ ኮረብታ፣ ከአንድ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ አወጣው። ቤተ መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ከመፍረሱ በፊት እንደተቀረጸ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ።

ጽሑፉ ስለ አንድ ምኩራብ መሠራት ይናገራል፤ ሠሪው ቴዎዶጦስ ይባላል፤ የእኛ ሀብተ እግዚአብሔር እንደ ማለት። ካህንና የምኩራብ አለቃ ነው፤ አባቱም አለቃ፣ አያቱም አለቃ። ትውልዱን ሲቆጥር ርስት የሚሟገት የጎጃም ባላባት ይመስላል።

ጽሑፉ ምኩራቡን የሚጠራበት የግሪክ ቃል «ሲናጎጌ» ለግሪኮች የቤት ስም አልነበረም። «ሲን» አብሮነትን፣ «አጎ» መምራትን ያመለክታል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ መሰብሰብ ይሆናል። ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት አይሁድ ቃሉን በምድረ በዳ ለተጓዘው የእስራኤል ማኅበር ሰጡት። የግብፅ አይሁድ ቤቱን «ፕሮሴውኬ»፣ ማለትም ጸሎት ይሉት ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የተቀረጹ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። ቴዎዶጦስ ሲናጎጌ «ሠራሁ» ሲል ግን ስሙ ከሰዎቹ ወደ ግድግዳው ተሻግሯል።

ከአሽዶድ አብረውኝ የመጡት የጎንደር ቤተ እስራኤል ሽማግሌ «ለምን ሠራሁት ይላል?» አሉኝ።

«ሕግ ለማንበብ፣ ትእዛዛትን ለማስተማር። ከሩቅ አገር ለሚመጡ ችግረኞችም ማደሪያና ውኃ አዘጋጅቷል።»

«ጸሎትስ?»

«አልተጻፈም።»

ቅር አላቸው። «እኛ ጎንደር ሳለን መስጊድ ነበር የምንለው፤ የሚሰገድበት። ቤት ክኔሴት ማለት የጀመርነው እዚህ መጥተን ነው።» ቤት ክኔሴትም በዕብራይስጥ የመሰብሰቢያ ቤት ነው፤ የእስራኤል ፓርላማ ስምም ከዚያው ሥር ይወጣል።

በቴዎዶጦስ ቤት አልተጸለየም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን መሥዋዕቱ በየቀኑ በሚቀርብበት ከተማ፣ ከባሕር ማዶ ለመጣ ተሳላሚ የቸገረው የጸሎት ቦታ ሳይሆን አልጋ ይመስለኛል። የበዓል ሰሞን ኢየሩሳሌም ማረፊያ የፈለገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳዊት ከተማ ወረድን። ቬይል በቆፈረበት ስፍራ የሚታየው ተቆርጦ የተቦረቦረ አለት ነው፤ ምኩራቡ ራሱ እስካሁን አልተገኘም። ሽማግሌው ግን ውኃው ከየት ይቀዳ እንደነበር ካላየሁ ብለው ቁልቁል ወደ ሰሊሆም ቀደሙኝ፤ የደከመው የእኔ ጉልበት እንጂ የእሳቸው አልነበረም።