ገላው ሞቅ አለኝ

ያን ቀን ጠዋት እጄ ላይ ሁለት ስልክና አንድ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ የ34 ብስክሌተኞች ስም፣ የመኪኖቹ ሰሌዳ ቁጥርና ውሃ የሚታደልባቸው ቦታዎች ተጽፈዋል። ከለገጣፎ ተነስተው ደብረ ብርሃን ሊገቡ ነው። የማስተባበሩ ሥራ የእኔ ነበር።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ነበር። አንዱ ትንፋሽ ቢያጥረውስ? ሲኖትራክ ቢጠጋውስ? ያሉንን መኪኖች ሁሉ ከብስክሌቶቹ ጋር መደብኩ።

ጉዞው ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ወዳጅ ዘመዱን ቃል ያስገባል፤ በነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ይከፈላል። ገንዘቡ ለመድኃኒት ብቻ አይደለም። ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርት፣ ለምግብም ይውላል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከገጠር ልጇን አዝላ የመጣች እናት ያን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ በምን ትኑር? ቤት የቀሩትን ልጆቿንስ ማን ያብላቸው? ብዙዎች መሐል ላይ አቋርጠው ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ግን የሚድኑት 30 በመቶ አይሞሉም። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ይኼ ማቋረጥ ነው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስፖንሰር ፍለጋ በየቢሮው ስዞር ስንቴ ተናግሬዋለሁ።

መነሻው ላይ 11 ልጆች ከነእናቶቻቸው ተጋብዘው ነበር። ሐሳቡ የእኔ ነው። ብስክሌተኞቹ ለማን እንደሚነዱ በዓይናቸው አይተው ይውጡ ብዬ ነው። ድንኳን ተተከለ፤ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ወሩ ታኅሣሥ ስለሆነ የለገጣፎ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ማስክ አድርገው፣ ጋቢ ተደርቦላቸው ተቀመጡ። ልክ 1 ሰዓት ላይ ፊሽካው ሲነፋ አጨበጨቡ። ብስክሌቶቹ ወጡ። አምቡላንሱ ተከተላቸው፤ መካኒኩና መለዋወጫው ያለበት ፒክአፕም ከኋላ። ልጆቹን ያመጣው ኮስተር ደግሞ ምሳ ጭኖ ወደ ሸኖ ሄደ። 5 ሰዓት ላይ ተመልሶ ልጆቹን ያደርሳል ብዬ ነው። ቆሞ ከሚውል አንድ ሥራ ይሥራ፣ ብር አይባክን ብዬ።

1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አጠገቤ ቆመች። ስልክ እያወራሁ ነበር። ጠበቀችኝ። ስጨርስ ሁለተኛው ጠራ። አሁንም ጠበቀችኝ።

«ወንድሜ፣ ላስቸግርህ ነው። ልጁ ገላው ሞቅ አለኝ።»

ዞር ብዬ አየሁት። የ6 ዓመት ልጅ ነው። ዳቦውን ይዞ ተቀምጧል። ዳቦውን እንዳልቀመሰው ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

«ፀሐይዋ ወጥታ ነው እህቴ፤ ጋቢውን አውልቂለት» አልኳት።

«እሺ፣ ይሁን» ብላ ተመለሰች።

2 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ልጆቹን ልትከታተል አብራን የመጣችው ነርስ ስትዞር እሱ ጋ ደረሰች። ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነካችው። ቦርሳዋን ከፍታ መለኪያውን ብብቱ ውስጥ አስገባች። 38.7።

«ኬሞ ከወሰደ ስንት ቀኑ ነው?»

«ዛሬ አሥረኛው» አለች እናትየው።

የሲስተር ፊት ተለወጠ። «መኪና» አለችኝ። «አሁኑኑ።»

«ፓራሲታሞል የለሽም? እሱ ያወርድለታል» አልኳት።

«ትኩሳቱን ያወርደውና ያታልለናል» አለችኝ። ከዚያ በአጭሩ ነገረችኝ። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ካንሰሩን ሲመታ፣ ኢንፌክሽን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎችንም ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወርዱት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሰውነቱ ኢንፌክሽንን የሚዋጋበት አቅም የለውም። ትኩሳት ብቻውን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምልክት ሊሆን ይችላል። 38 ከሞላ ሆስፒታል ነው፤ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ መግባት አለበት። ስንት ወር ስለነዚህ ልጆች ስናገር ከርሜ ይህን የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው። በአሥረኛ ቀኑ ከሰው መሐል አምጥቼ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። የጥሪ ዝርዝሩን ስሠራ ማን መቼ ኬሞ እንደወሰደ አልጠየቅኩም።

መኪና የለም። የአምቡላንሱ ሹፌር ጋ ደወልኩ። አለልቱ እየተቃረቡ ነው።

«ጋሼ፣ ይመለሱ።»

«ይኼን ሁሉ ሰው አስፋልት ላይ ለማን ልተወው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

«ሁሉም ካሉበት ይቁሙ» አልኩ። 34ቱም ከመንገድ ወጥተው ሜዳ ላይ ቆሙ። ግን አምቡላንሱ እስኪደርስ ቢያንስ 40 ደቂቃ ነው።

የደረሱልን ድንኳኑን ያከራዩን አባት ናቸው። ወንበር ሊቆጥሩ መጥተው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ የቪትዛቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡ እንጂ!» ለአምቡላንሱ ደውዬ እዚያው ከብስክሌተኞቹ ጋር እንዲቆይ ነገርኩ። እናትየው ልጁን አቅፋ ከኋላ፣ ሲስተር ከጎኗ፣ እኔ ከፊት ተቀመጥን። ኮተቤ ላይ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። አባት መብራት እያበሩ፣ ክላክስ እያደረጉ፣ በመስኮት «ልጅ ታሞብን ነው!» እያሉ አለፉ። ሲስተር ድንገተኛ ክፍሉን በስልክ ይዛ የልጁን ሁኔታ ትናገራለች።

መገናኛ ስንደርስ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኩ። «ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም?»

«ያ ሁሉ ሰው ለእኛ ብሎ ወጥቶ፣ እኔ ፕሮግራሙን ላበላሽ?» አለችኝ። ልጁን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

ይቺ እናት የ38ን ነገር ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ሌሊት ላዳ ለምና ልጇን ይዛ የሮጠችበት ጊዜ እንዳለ ሲስተር ኋላ ነግራኛለች። ሆስፒታል ብትሆን ኖሮ በሩን ትደበድብ ነበር። እኛ ድንኳን ውስጥ ግን እንግዳ ሆነች። እንግዳ ደግሞ አያስቸግርም። እንዲያም ሆኖ ይሉኝታዋን ውጣ አንድ ጊዜ ነገረችኝ። ያን አንዱን ጊዜ ነው እኔ ያሳለፍኩት። ከብዙ ነገር በላይ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

አንቲባዮቲኩ ወዲያው ተጀመረለት። 9 ቀን ተኝቶ ወጣ። ሕክምናውንም አላቋረጠም።

ብስክሌተኞቹ ፒክአፑንና አምቡላንሱን ይዘው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ሸኖ ላይ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ የሸኖ ነፋስ ብስክሌት አያስነዳም። አንድ ሁለቱ ተቆጥተው ነበር፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ግን ስለ ልጁ መጠየቅ ጀመሩ።

አሁን የጥሪ ፎርማችን የመጀመሪያ ጥያቄ «የመጨረሻውን ኬሞ የወሰደው መቼ ነው?» የሚል ነው። መልሱን አይቶ የሚወስነው ሐኪም ነው። አንድ መኪና ምንም ሳይጭን፣ ፊቱን ወደ ከተማ አዙሮ መነሻው ላይ ይቆማል። እናቶቹ ጋ የሚመደበው ሰው ሌላ ሥራ የለውም፤ የማስተባበሪያውን ስልክም አይዝም። በጀት ሲታይ አንድ የኮሚቴ አባል «ይኼ መኪና ቆሞ ነው እንዴ የሚከፈለው?» አለኝ። «አዎ፣ ቆሞ ነው» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድ እናትየው ኮሪደር ላይ ወጣችልኝ። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት አብጧል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ብስክሌቶቹስ? ደብረ ብርሃን ደረሱ?»