እንስሳቱ ልክ ናቸው፣ ካርታውን እዩት

የምሰራው ጌም የሚሰራ ትንሽ ቲም ውስጥ ነው፣ የኔ ድርሻ አለሙን መፃፍ ነው፣ ማለትም ተራራው የት ጋ ነው፣ ምን ይበቅልበታል፣ ምን ይኖርበታል፣ ማን ማንን ይበላል የሚለውን። ያሁኑ ፕሮጀክታችን ረመጥ የምትባል የፈጠራ አገር ነች፣ መሃሏ ላይ ትልቅ እሳተ ገሞራ አለ። ካርታው እኔ ከመግባቴ በፊት በኮንትራት ውጪ ተሰርቶ የመጣ ነው፣ ሲታይ ደግሞ ያስደነግጣል፣ ሹል ጥቁር ተራራ፣ ከጫፉ እስከ ባህሩ የሚወርድ ቀይ የላቫ ወንዝ፣ ዙሪያው አመድ በአመድ። ሁሉም ወዶታል፣ ለማስታወቂያ የሚሆን ምስል ነው።

ችግሩ የመጣው ዴሞ ለማሳየት ስንዘጋጅ ነው። ቀንዳም የምንላቸው የመንጋ እንስሳት አሉን፣ ፕሮግራመራችን ሲርባቸው ሳር ሲጠማቸው ውሃ ፈልገው በራሳቸው እንዲሄዱ አድርጎ ነው የሰራቸው፣ ማንም አይነዳቸውም። ማታ ቴስት ላይ ተትተው አደሩና ጠዋት ስንከፍተው መንጋው ሙሉ በሙሉ ሞቷል፣ ሬሳው ከደቡብ ጥግ ጀምሮ ወደ ሰሜን መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ። ሌላ ቦታ አስጀመርናቸው፣ ያው ነው። ቁጥራቸውን ቀነስን፣ አሁንም ያው።

በቃ ባግ ነው ተባለ። ሃላፊያችን ፕሮግራመሩን መግቢያ መውጫ አሳጣው፣ ልጁም ኮዱን መስመር በመስመር ሲበረብር ያድራል፣ አይኑ ቀልቶ ነበር የሚመጣው። እውነት ለመናገር አሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ስራው ንፁህ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቴስተራችን ጂኦሎጂ የተማረች ልጅ ናት፣ በሙያዋ ስራ ስታጣ ነው ወደኛ የመጣችው። እሷ ዝም ብላ ከእንስሳቱ አንዱን ብቻ መርጣ ከመነሻው እስከ ሞቱ ተከተለችው። ከዛ ፕሮግራመሩን "ኮዱን ተወው ወንድሜ፣ እንስሳቱ ልክ ናቸው፣ ካርታውን እዩት" አለችው። ካርታው ላይ የሚጠጣ ውሃ ያለው ደቡብ ጥግ ላይ ለውበት የተሳለች አንዲት ኩሬ ብቻ ነች፣ ሳሩ ደግሞ ሰሜን ጫፍ ነው። ጠጥተው ለሳር ይነሳሉ፣ ሳይደርሱ ይጠማቸዋል፣ ይመለሳሉ፣ መሃል ላይ ያልቃሉ። ማንም ቢሆን እዛ አገር ቢለቀቅ እንደዛ ነው የሚሞተው።

ስብሰባ ተጠራ። የአርት ሃላፊያችን በእድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ካርታው እንዲነካ አልፈለጉም። "ፈጠራ አይደል እንዴ ልጄ፣ በፈጠራ አገር ውሃ ሽቅብ ቢፈስ ማን ይከሰናል?" አሏት። እሷም "ይፍሰስ ጋሼ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ግን ውሃው ሽቅብ ከፈሰሰ ሳሩም ከብቱም ሽቅብ መውጣት አለባቸው" አለቻቸው። እኔ እዚህ ስራ ላይ ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዛ በኋላ የፃፍኩት ሁሉ ከዛች መልስ ነው የተነሳው።

ቀጥላ ማርከር አንስታ የጠየቀችው መጀመሪያ ጥያቄ "ይሄ ተራራ ድንጋዩ ምንድነው?" የሚል ነበር። ማንም አልመለሰም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሊካው (አሸዋና መስታወት የሚሰራበት ነገር) ትንሽ ስለሆነ ሲቀልጥ ቀጭን ነው፣ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ይወጣና ርቆ ይፈሳል፣ ስለዚህ ሹል ተራራ ሳይሆን ሰፊና ዝቅ ያለ ጋሻ የመሰለ ነገር ነው የሚሰራው። ኤርታ አሌን ያህል በአለም ስሙ የተጠራ እሳተ ገሞራ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው። ሲሊካው የበዛው ደግሞ ወፍራም ነው፣ እሩቅ አይሄድም፣ ጋዙን አፍኖ ይይዝና ይፈነዳል፣ ቀጥ ያለ ተራራ የሚሰራው እሱ ነው። የኛ ካርታ ላይ የሹሉ ተራራ ቅርፅና የቀጭኑ ላቫ ወንዝ አንድ ላይ ተሰፍተዋል። አንዱ መሄድ ነበረበት ወይም ሁለት ተራራ ያስፈልገናል ማለት ነው። ሁለት አደረግነው፣ አሮጌና የቀዘቀዘ ሹል ተራራ፣ ከጎኑ ደግሞ አዲስ ዝቅ ያለ። ይሄ ከአየር የመጣ አይደለም፣ ሃሳቡን የወሰድነው መተሃራ ጋ ካለው ፈንታሌ ተራራና ከስሩ ከተነጠፈው ጥቁር ላቫ ነው።

እሁድ ቀን እዛው ሄደን አየነው። ከአዳማ ወደ አዋሽ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያን ጥቁር ድንጋይ በመስኮት አይቶታል፣ እኔም ስንቴ አልፌዋለሁ፣ ግን ተንበርክኬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከሩቅ ባዶ ነው የሚመስለው። ቀረብ ስትሉ ድንጋዩ በትናንሽ ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ ላዩ ላይ ግራጫና ብጫ ሽበት የመሰለ ነገር ተለጥፏል፣ ስንጥቁ ውስጥ ነፋስ ያመጣው አፈር ተጠራቅሞ እዛች ጣት በማትሞላ አፈር ላይ ሳር ቆሟል፣ ከስሩ ጉንዳን ይመላለሳል። አለት ላይ ሳር የሚጀምረው ከላይ ሳይሆን ከስንጥቁ ነው። አይስላንድ አጠገብ ሰርትሴይ የምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1963 ከባህር ውስጥ በእሳተ ገሞራ ወጥታ ገና ፍንዳታው ሳያልቅ በ1965 ተክል በቅሎባታል፣ ስለዚህ "እሳት ያለበት ምንም አይኖርም" የሚለው የፊልም ሃሳብ ነው።

ውሃው ላይ ብዙ ተከራከርን። አዲስ ላቫ ዝናብ ቢዘንብበት ላዩ ላይ ወንዝ አይሰራም፣ በስንጥቁና በቀዳዳው ሰምጦ ይሄድና ላቫው የሚያልቅበት ጠርዝ ስር ምንጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የረመጥ ምንጮች ሁሉ ጥቁሩ ድንጋይ የሚያልቅበት መስመር ላይ ተደረጉ፣ ሳሩም እዛው፣ መንደሩም እዛው። አሮጌው ተራራ አናት ላይ እንደ ወንጪና ዝቋላ ሃይቅ አደረግንበት።

ነፋሱ ደግሞ ሁሉን ነገር ቀየረው። ህዳር 2018 አፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመን፣ ኦማን፣ ከዛም ህንድ ነው የደረሰው፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አልተበተነም። የረመጥ ነፋስ ከምእራብ እንዲነፍስ ወሰንን፣ በቃ ምእራቡ ዝናብ የሚያገኝ አረንጓዴ፣ ምስራቁ አመድ የሚወርድበት ደረቅ ሆነ። ወፍራም አመድ ሳሩን ይቀብረዋል፣ ዘመን ሲቆጠር ግን ያው አመድ ጥሩ አፈር ነው የሚሆነው። ይሄን ማንም ኢትዮጵያዊ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፣ የሰሜን ተራሮች እኮ ከ30 ሚሊዮን አመት በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው፣ ጭላዳው የሚግጠው ሳር፣ ገበሬው የሚዘራው ገብስ የበቀለው እሱ ላይ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ ጅብራው፣ ፍልፈሉ፣ ፍልፈሉን የሚያድነው ቀይ ቀበሮ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የሰራው ምድር ላይ ነው ያሉት።

እንስሳቱን እንደገና ስፅፍ ከዚህ ነው የቀዳሁት። የቀንዳሞቹ ሆድና ሰኮና ከምንጭ እስከ ግጦሽ ባለው ርቀት ተለካ፣ አዳኛቸው አድፍጦ ጠባቂ እንጂ ሯጭ አይደለም ምክንያቱም በዛ ስለታም ድንጋይ ላይ መሮጥ እግር ያስቆርጣል። የሶዳ ሃይቅም፣ ማለትም ውሃው ሶዳ የበዛበት ሃይቅ፣ አስገባን፣ አቢያታ ላይ ፍላሚንጎ የሚመገበውን አይነት አልጌ የሚበሉ ወፎች አሉት። የዳሎልን አይነት ብጫና አረንጓዴ የአሲድ ኩሬ ግን ባዶ ነው የተውነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እዛ በጣም አሲድ የሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ህይወት እንዳልተገኘ ስለተናገረ። ጋሼ መጀመሪያ "ባዶ ቦታ ተጫዋች ይሰለቸዋል" ብለው ነበር፣ አሁን በጣም የሚወዱት እሱን ነው፣ ሌላው ሁሉ ህይወት ስላለው ባዶው ይታያል ይላሉ።

በአዲሱ ካርታ ከኮዱ አንድ መስመር ሳይነካ መንጋው አደረ። ሃላፊያችን ፕሮግራመሩን ሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቀው፣ ተገቢ ነበር።

አሁን የምንከራከረው የጋዝ ሸለቆው ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ ኮንጎ ውስጥ ጎማ በምትባለው ከተማ አካባቢ ማዙኩ ይሉታል፣ ካሜሩን ኒዮስ ሃይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ 1,700 ሰው ገድሏል። አይታይም፣ አይሸትም። ጋሼ ተጫዋቹ እንዲያየው አረንጓዴ ጭስ እንሳልበት ይላሉ፣ ቴስተሯ ደግሞ በፍፁም፣ ሬሳ የሆኑ ትናንሽ እንስሳትና ሳሩ ያልተጋጠ ሸለቆ አድርጉበት፣ አስተውሎ የሚያይ ይድናል ትላለች። እኔ ከሷ ጋ ነኝ፣ ሰነዱንም እንደዛ አድርጌ ፅፌ ለሰኞ ስብሰባ ልኬዋለሁ።