ያረጀች ሚያታን የሚጨርሳት ውሃና የደረቀ ጎማ ነው

ባለ ሁለት ወንበርና ባለ ጨርቅ ጣሪያ የሆነችው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሚያታ በፈረንጆች 1989 መጀመሪያ ላይ በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታይታ እስከ 1997 ድረስ ተመርታለች። የመጨረሻዎቹ እንኳ ዛሬ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። 1.6 ሊትሩም ሆነ በአሜሪካ ገበያ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ የገባው 1.8 ሊትር ሞተር ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ጠንካራ ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል እንጂ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ በእጁ አይነካም። እኔ የማስቀድመው ምንጣፉን ነው። እርጥብ ከሆነ የመኪናዋ ቦዲ ከውስጥ እየተበላ ነው፤ ሞተር ይቀየራል፣ የበሰበሰ ቦዲ ግን ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ በቀጥታ ወደ መሬት አይፈስም። በጨርቁ የኋላ ጠርዝ ሥር የተዘረጋ የፕላስቲክ አሸንዳ አለ። ውሃው በእሱ ተሰብስቦ ከወንበሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ይወርድና ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ፊት ለፊት፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ይወጣል። ዛፍ ሥር የምታድር መኪና ላይ ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ጭቃ ይደፈናሉ። መውጫ ያጣ ውሃ ሞልቶ ወደ ምንጣፉ ይገለበጣል፣ ከዚያም ከበሩ ሥር ወዳለው ድርብ ላሜራ ይገባል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት የታየ ቀን ከበስተኋላው ያለው ብረት አልቋል ማለት ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ጣሪያውን ግማሽ ድረስ አንሡና በእያንዳንዱ ቱቦ አፍ አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ውሃው ወዲያው በኋላ ጎማው ፊት ለፊት መውረድ አለበት። ካልወረደ ወይም ጠብ ጠብ ካለ፣ የሣር ማጨጃ ማሽን ወፍራም የናይለን ክር ከላይ አስገብታችሁ እያሽከረከራችሁ ግፉ፤ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። የልብስ መስቀያ ሽቦ አትጠቀሙ። ሽቦ ቱቦውን ይበሳውና ችግሩን ማንም ወደማያየው ቦታ ያዛውረዋል። ከፍተኛ የአየር ግፊትም ቱቦውን ከመያዣው ያስለቅቃል። ቱቦዎቹ ከጸዱም በኋላ ምንጣፉ ከራሰ የፕላስቲክ አሸንዳው ተሰንጥቆ እንደሆነ ተመልከቱ፤ የድሮ ፕላስቲክ ጣሪያ ሲቀየር በቀላሉ ይሰበራል። ጣሪያ ስትቀይሩ አሸንዳውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ራሱም ታችኛው ስፌት ላይ ትናንሽ የውሃ መውጫዎች አሉት። እነሱንም በቀጭን ፕላስቲክ ጥረጉ። በብርድ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ አካባቢዎች የምትነዱ ከሆነ፣ ላሜራው በደንብ ከደረቀ በኋላ ውስጡን በሚረጭ ሰም መቀባት ተገቢ ነው። እርጥበት ላይ የተረጨ ሰም ውሃውን ውስጥ አፍኖ ስለሚያስቀር ጉዳቱ ይብሳል።

ባትሪው ያለው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ የታሸገ ዓይነት መሆንና ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት አለበት። ርካሽ ተራ ባትሪ ከገባ የአሲዱ ትነት ሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላል።

ወደ ሞተሩ ስንሄድ፣ ብዙ ባለቤት የሚደነግጥበት የዘይት ፍሳሽ ከሞተሩ ጀርባ የሚወርደው ነው። ዘይቱ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሚገናኙበት ላይ ስለሚታይ የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አለቀ ይባላል። ያንን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት በቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ከካም ሻፍቱ ጫፍ ላይ የተሰካውን የካም አንግል ሴንሰር በባትሪ መብራት እዩት። ውስጡ ያለው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) በሙቀት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል፤ ከዚያ ዘይቱ በቴስታታው ጀርባ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ሲወርድም የሂተሩን የውሃ ጎማዎች ያበሰብሳል። ኦሪንጉ የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ሴንሰሩ ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በቀለም ወይም በጭረት ምልክት አድርጉበት። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የያዘውን አንድ ባለ 12 ብሎን ፍቱ፣ ግራ ቀኝ እያላችሁ ሳቡት። አዲሱን ኦሪንግ ዘይት ቀብታችሁ ግጠሙ። የሴንሰሩ ጥርስ ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ እንቢ ካለ አዙሩት እንጂ አታስገድዱት። በመጨረሻ የእሳቱን ጊዜ፣ ማለትም ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፦ ሞተሩ ይሙቅ፣ ኤሲና መብራት ይጥፋ፣ ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ «ቴን» (TEN) እና «ጂኤንዲ» (GND) የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ፣ ዙሩ በደቂቃ 850 ገደማ ላይ ሲረጋ በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ መነበብ አለበት። ሽቦውን ሳታገናኙ ከለካችሁ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያስተካክል የምታነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም።

የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያውም) በጀርባ ማዕዘኖቹ ያፈሳል። ስትቀይሩ በማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ትንሽ ሲሊኮን አድርጉ፤ ብሎኖቹ ከ5 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ብቻ ስለሚፈልጉ በጉልበት አታጥብቋቸው።

ክራንኩንና ካሞቹን አብሮ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ በየ60 ሺህ ማይሉ ይቀየራል። የዚህ ትውልድ ሞተሮች ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ ይሁንና መንገድ ላይ ትቆማላችሁ። መኪናዋ ብዙ ካልተነዳች ማይሉን አትጠብቁ፣ ቺንጋው ጎማ ስለሆነ ቆሞም ይደርቃል። እጃችሁ እዚያ ከገባ የውሃ ፓምፑን፣ ሁለቱን የቺንጋ ኩሽኔታዎችና የፊት ኦይል ሲሎችን አብራችሁ ቀይሩ። ሲገጠም የኢንቴክ (የአየር ማስገቢያው) ካም ጥርስ «አይ» (I) ምልክቱ፣ የኤግዞስቱ (የጭስ ማውጫው) ደግሞ «ኢ» (E) ምልክቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 19 የቺንጋ ጥርሶች መቆጠር አለባቸው። ከዚያ ሞተሩን በእጅ በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ እንደገና ቁጠሩ። አንድ ጥርስ ካለፈ መኪናዋ ትነሣለች፣ ጉልበት ግን አይኖራትም።

እስከ 1991 መጀመሪያ ድረስ የተሠሩትን 1.6 ሞተሮች የሚመለከት ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የክራንካቸው አፍንጫ፣ ማለትም ፑሌጃው (ቺንጋ የሚዞርበት ጎማ መሰል ብረት) የሚታሰርበት የፊት ጫፍ፣ አጭር ነው። የፑሌጃው ብሎን ከላላ ክራንኩ ላይ ያለችው ትንሽ ማያያዣ ብረት ቦታዋን እየበላች ታሰፋለች፤ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ በመጨረሻም ክራንኩ ይበላሻል። ፑሌጃው ላይ ያሉትን ክፍተቶች ቁጠሩ፦ አራት ከሆኑ አጭሩ ነው፣ ስምንት ከሆኑ ረጅሙ። ሞተሩ ሲሠራ ፑሌጃው የሚወላገድ ከሆነ በዚያው አትንዷት። ለአጭሩ ብሎን ከ108 እስከ 118 ኒውተን ሜትር፣ ለረጅሙ ከ157 እስከ 167 ነው። ይህ በግምት የሚጠበቅ ብሎን አይደለም፤ አዲስ ብሎንና የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ተጠቀሙ።

ማርሽ አልገባ ሲል ወይም ፔዳሉ ወለል ላይ ሲቀር ፍሪሲዮኑን አትውቀሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከካምቢዮው ጎን ያለው ትንሹ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ነው። የጎማ ሽፋኑን ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ ከራሰ አልቋል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከጠቆረ ውስጥ ያለው ጎማ እየተፈጨ ነው። ይህ የታችኛው ሲቀየር ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን የላይኛውንም ሲሊንደር መቀየር እመርጣለሁ፤ አዲሱ የሚፈጥረው ግፊት ያረጀውን ብዙም አያቆየውም። ፈሳሹ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው፤ ቀለም ስለሚያነሳ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

መኪናዋን ስታነሱ ከፊት በመሃለኛው ብረት፣ ከኋላ በዲፈረንሻሉ ክሪክ አድርጉ፤ ማቆሚያዎቹ በጎን ባሉት የተጠናከሩ ቦታዎች ላይ ይቀመጡ። ካምቢዮንና ዲፈረንሻልን የሚያገናኘውን ረጅም አሉሚኒየም በፍጹም በክሪክ አትንኩ። ካምቢዮው 2 ሊትር 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ይይዛል። የማርሽ ዘንጉ ሥር ያለው ጉድጓድ የራሱ ዘይት አለው፣ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ ይህ ስለሚረሳ ነው ማርሹ የሚደርቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚሰማው ቲክ ቲክ የቫልቭ ማስተካከያዎቹ ድምፅ ነው፤ ንጹሕ ዘይትና ረጅም ጉዞ ያለዝበዋል። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከተቀየረ ሳይሰነጠቅ ቀይሩት።

የኋላ ፍሬን ለብቻው መታወቅ አለበት። ፒስተኑ ከእጅ ፍሬኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ፊቱ በመጫኛ ተገፍቶ አይገባም፤ ከተገፋ ውስጡ ያለው ማስተካከያ ይሰበራል። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ከካሊፐሩ (ፒስተኑን ከያዘው የፍሬን መያዣ) ጀርባ ያለችውን የመሸፈኛ ብሎን ፍቱ፣ ከውስጧ ያለውን ማስተካከያ በባለ 4 አለን ቁልፍ ከሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ እያዞራችሁ ፒስተኑን መልሱ። ተንሸራታች ፒኖቹን አውጥታችሁ አጽዱና ለፍሬን በተሠራ የሲሊኮን ቅባት ቀቡ፤ ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። አዲሱ የፍሬን ሸራ ከገባ በኋላ ማስተካከያውን በሰዓት አቅጣጫ ሸራው ዲስኩን እስኪነካ አዙሩ፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ዙር መልሱ። ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ካጠነከራችሁ በኋላ ጥቂት ነድታችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አስጠጉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ በዚያ በኩል ፒኑ ይዟል ወይም አንድ ሦስተኛው ዙር አልተመለሰም።