ይቻላቸዋል

እንኳን ለ130ኛው የዓድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የምጽፍላችሁ። ዘንድሮ የካቲት 23 ሁለት ጾም መሃል ገብታለች። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። ስለዚህ ሰፈራችን ጠዋት ቡና አላፈላም። በዓሉን ለልጆቹ ለቀቅንላቸው።

ግቢያችን ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ተሰብስበዋል። ጋሻው ካርቶን፣ ፈረሱ የመጥረጊያ እንጨት ነው። ሁሉም የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ካልሆንኩ ይላል። የወሎ ልጅ አይደል! እኔ እንግሊዝኛውን፣ አጎቴ ስፓኒሹን ልናስተምራቸው መሃላቸው ቆምን። የዓድዋን ቀን እንዲህ ማሳለፍ ከጀመርን ይሄ አራተኛ ዓመታችን ነው።

ስፓኒሽ ለደሴ ልጅ ምን ያደርግለታል የሚለኝ አይጠፋም። ለእኛ ቤት መልሱ ቅርብ ነው። አጎቴ አባቱን በሶማሊያው ጦርነት ያጣ ልጅ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነው። ያደገው የወጣቶች ደሴት በምትባለዋ ደሴት፣ እዚያው እየኖረ በሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬም ብር ሲቆጥር ከንፈሩን ብታዩት በስፓኒሽ ነው የሚቆጥረው። ይሄ ቋንቋ ከእሱ ጋር እንዲቀር አልፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት በፍርሃት ነው። ክፍል ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ አንገቱ ላይ ካርቶን ይንጠለጠልበት ነበር። አንድ ቀን ለእኔም ደረሰኝ። ቋንቋውን ለመውደድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። መጽሐፉ ላይ ያለው ደግሞ በረዶና የገና ዛፍ ነበር። በረዶ ሰው ሠርቼ አላውቅ፣ ምኑን ላውራው? ልጅ አፉን የሚፈታው ስለሚያውቀውና ስለሚወደው ነገር ሲያወራ ነው። የእኛ ልጆች ፈረስ ያውቃሉ። ፈረስ ሆርስ ነው፤ በስፓኒሽ ካባዮ። ንግሥት ኩዊን ናት፤ በስፓኒሽ ሬይና። ጣይቱን የሆነችው ልጅ ሬይና ካልተባለች አልሰማም ብላ ዋለች።

ነጋሪታችን የዘይት ጀሪካን ነበር። የሚመታው ልጅ፣ «ይሄስ በእንግሊዝኛ?» አለኝ።

«ድራም።»

«ከበሮንም ድራም ነው ብለሽናል እኮ፣ እትዬ።»

«አዎ።»

«ከበሮ ለዘፈን ነው፤ ነጋሪት ለጦርነት። እንዴት አንድ ይሆናሉ?»

ዝም አልኩ። ልጁ እውነቱን ነው። ሰሌዳው ላይ «ነጋሪት» ብለን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍነው። እንግሊዞቹ ይማሩት። ከዚያ አጎቴ ነጋሪቱን አስመትቶ የምኒልክን አዋጅ አነበበላቸው። «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» የሚለው ላይ ሲደርስ አንዷ ዘላ ተነሳች። አያቷ ወረኢሉ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ስፓኒሽ «ኘ» አለው። ልጅ ሲሉ ኒኞ ነው የሚሉት። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ የራሱ ፊደል የለውም። የእኛ ልጆች ግን ገና ሲሰሙት ቀለብ አደረጉት። አጻጻፉስ ቢሆን? ስፓኒሾች የ«ነ»ያቸው አናት ላይ ትንሽ ሞገድ ያስቀምጣሉ። እኛም «ነ» ላይ ጭረት ደፍተን «ኘ» እንላለን። ልጆቹ «ኮፍያ አደረገ!» ብለው ጮኹ።

ዋናው ትምህርት ግን የውጫሌ ነው። ውጫሌ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሐይቅን አልፎ በወልድያ መንገድ ላይ ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን ሃያ አንቀጽ ነበረው። ያጣላው አሥራ ሰባተኛው ነው። የአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ነው። በጣሊያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆነ። ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ።

ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል «ይችላል»፣ በእንግሊዝኛ ካን፣ በስፓኒሽ ፑዌዴ። በሌላው በኩል «አለበት»፣ መስት፣ ዴቤ። በጣሊያንኛ ደግሞ ፑኦ እና ዴቬ ነው። ስፓኒሽና ጣሊያንኛ እናታቸው ላቲን ስለሆነች መቀራረቡን ልጆቹ ራሳቸው አዩት። ጨዋታው ቀላል ነው። እኔ አንድ ነገር እጠራለሁ፤ ካን ከሆነ ግራ፣ መስት ከሆነ ቀኝ ይሮጣሉ። እጅ መታጠብ? ቀኝ። ኳስ መጫወት? ግራ። ያላነበቡትን ወረቀት መፈረም? ሁለቱም ጋ የሚሮጥ ጠፋ፤ መሃል ቆመው ተያዩ። እዚያ ላይ ረጅም አወራን። ልጆቼ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ሲቀርብላቸው ራሳቸው አንብበው እንዲፈርሙ ነው የምፈልገው። በእንግሊዝኛም፣ በስፓኒሽም፣ በየትኛውም።

ማታ ጎረቤታችን የምስር ሳምቡሳ ይዘው መጡ። ለሁለቱም ጾም ይሆናል። አዛን እስኪል እየጠበቅን ነው። የስምንት ዓመቷ ልጃቸውም ሳህኑን እያየች ተቀምጣለች። አጎቴ፣ «አንቺ እኮ ገና ነሽ፣ ብዪ» አላት።

«አውቃለሁ፣ መስት አይደለም» አለችው። «ካን ነው። እኔ ፈልጌ ነው የምጾመው።»

አጎቴ ሳቀና ጉንጯን ስሞ፣ «ፑዌዴ፣ ኒኛ፣ ፑዌዴ» አላት።

መልካም በዓል!