«ጣሊያን» የሚሉት ፎቅ

የፍራንክ ማኮርትን «የአንጄላ አመድ» አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ተነሳሁ። አብረውኝ ለሚያነቡ ጓደኞቼ ነው። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ የጀመርኩት ሦስት ወር ፈጀ።

ማኮርት በ1930 ብሩክሊን ተወለደ። በአራት ዓመቱ ወላጆቹ ይዘውት ወደ አገራቸው ወደ አየርላንድ ተመለሱ፤ ሊመሪክ ከተማ አደገ። የድህነት ልጅነቱን አሳትሞ ያወጣው በ66 ዓመቱ ነው፣ በ1996። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) የሚተርከው ግን ሽማግሌው ሳይሆን ሕፃኑ ነው። እኔ ሆዬ ይህን ረስቼ የመጀመሪያ ረቂቄን «በድህነት አረንቋ የሚማቅቅ» በመሳሰለ ቃል ሞላሁት። የስድስት ዓመት ልጅ አረንቋ ይላል? ሁሉንም ሰረዝኩት። ራበኝ ካለ፣ ራበኝ።

መጽሐፉ ንግግርን በትእምርተ ጥቅስ አይለይም። እሱ ያስቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አማርኛ ግን በ«አለ» እና በ«አለችኝ» ብቻ ተወጣው።

አባትየው ነው ያለፋኝ። ሰክሮ ሲገባ ልጆቹን በሌሊት ቀስቅሶ ለአየርላንድ እንሞታለን ያሰኛቸዋል። ጠዋት ደግሞ እሳት አንድዶ፣ ሻይ አፍልቶ ተረት ይነግራቸዋል። ልጁ «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»? እኔ አባቴን «እርስዎ» እያልኩ ስላደግኩ እንደዚያው ጻፍኩ። የጠዋቱ ፍቅር ጠፋ። «አባዬ፣ አንተ» ስል ተመለሰ። የሰከረውንም «አንተ» አልኩት፤ ያው አንድ ሰው ነው።

ከሁሉም የባሰችው ግን አንዲት ቃል ናት። ዝናብ ሲበረታ ምድር ቤታቸው ውሃ ይገባዋል፣ ቤተሰቡም ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ክፍሉን «ጣሊያን» ይሉታል። ዘመኑ እኮ 1930ዎቹ ነው! እኛ ጋ ያኔ ጣሊያን ማለት የመርዝ ጋዝ ነበር። «ሞቃቱ አገር» ብዬ ሞከርኩ። የግርጌ ማስታወሻም ሞከርኩ። ሁለቱም ቀልዱን ገደሉት። እንዳለ ተውኩት።

ለእናቴ ሳነብላት እዚያ ጋ አስቆመችኝ።

«እነሱንም ወሯቸው ነበር እንዴ?»

ፎቁን ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እሺ፣ እዚያ ላይ ወጥተው ምን ይበላሉ?»

«ዳቦ በሻይ» አልኳት።

«ሲገኝ ነው» አለች። «በል ቀጥል።»